የድሮ ኮምፕረሰር ፔዳሎች በሶፍትዌር፦ ጭራውን ይዞ የመጣው የቱ ነው?

ቀይ ሣጥን፣ ሁለት ማዞሪያ፣ አንድ መርገጫ። ኤምኤክስአር ዳይና ኮምፕ የተባለው ኮምፕረሰር ፔዳል (ጮክ ያለውን ድምፅ ጨምቆ ጸጥ ካለው ጋር የሚያቀራርብ መሣሪያ) ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጊታር ተጫዋቾች እግር ሥር የኖረው በዚህ መልኩ ነው። ቀዩን ሣጥን በስክሪን ላይ መሳል ቀላል ነው፤ ሁለት ማዞሪያ ማስቀመጥም አይከብድም። የሚከብደው ክሩ ከተመታ በኋላ ባለው አንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ የሚሆነውን ማምጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ጊዜ «ጭራ» እንለዋለን። የድሮ ኮምፕረሰር ፔዳል አስመስላለሁ የሚል ሶፍትዌር ሁሉ መጀመሪያ መመዘን ያለበት በጭራው ነው፤ የድምፁ ቀለም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀለም በኢኪው (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ይስተካከላል፣ ጭራ ግን አይስተካከልም።

ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

የዳይና ኮምፕ ልብ ሲኤ3080 የሚባል ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ሲግናሉን ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነው በአንዱ እግሩ የሚገባለት ከረንት ነው፦ ከረንቱ ሲበዛ ያጎላል፣ ሲያንስ ዝቅ ያደርጋል። ከረንቱን የሚያዝዘው ደግሞ አንድ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ጊታሩ ሲጮህ ከቺፑ መውጫ የተቀዳው ሲግናል ሁለት ትራንዚስተሮችን ይቀሰቅሳል፤ እነሱም ካፓሲተሩን በቅጽበት ያራግፉታል፣ ጌይኑም (የማጉላቱ መጠን) ይወርዳል። ድምፁ ሲረግብ ካፓሲተሩ በ150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ቀስ እያለ መልሶ ይሞላል። 10 ማይክሮፋራድ በ150 ኪሎ ኦም ሲባዛ 1.5 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ማለት ካፓሲተሩ ከጎደለበት 63 በመቶውን ለመተካት 1.5 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ጭራው የሚወለደው እዚህ ነው።

የጊታር ክር ሲመታ ድምፁ የሚሞተው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እየተንሸራተተ ነው። ካፓሲተሩም የሚሞላው በዚያው አካባቢ ባለ ፍጥነት ነው። ክሩ ሲወርድ ጌይኑ ይወጣል፣ ሁለቱ ይቻቻላሉ፣ ጆሮ የሚሰማው ቀጥ ብሎ የሚቆይ ኖታ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ጊዜ ወደ 100 ሚሊሰከንድ ካሳጠረው ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ በኖታና በኖታ መካከል ባለች ትንሽ ክፍተት ሁሉ ኖይዙ ብድግ ይላል። ሁለተኛ፣ ወፍራሙ ክር በ82 ኸርዝ ሲርገበገብ አንድ ዙሩ 12 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ፣ ፈጣኑ ኮምፕረሰር የኖታውን መጠን መከተሉን ትቶ የሞገዱን ጉብታ አንድ በአንድ ማሳደድ ይጀምራል። ውጤቱ በወፍራም ክሮች ላይ ብቻ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አምፑ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ጥፋቱ ግን የኮምፕረሰሩ ነው።

ሌላው በብዛት የሚሳሳቱበት ነገር ሰንሲቲቪቲ የሚባለው ማዞሪያ ነው። ዳይና ኮምፕ ትሬሾልድ (መጨመቅ የሚጀመርበትን መጠን፣ ማለትም ጣሪያውን የሚወስን) የሚባል ማዞሪያ የለውም። ጣሪያው ትራንዚስተሮቹ የሚነቁበት ቮልቴጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም። ሰንሲቲቪቲ 500 ኪሎ ኦም ተለዋዋጭ ሬዚስተር ሆኖ ወደ ቺፑ የሚገባውን ከረንት ይወስናል፤ ማለትም ዝምታ ሲሆን ጌይኑ እስከ ምን ድረስ እንደሚወጣ ይወስናል። ወደ ቀኝ ባዞራችሁት ቁጥር ጊታሩ ወደማይነቃነቀው ጣሪያ እየተገፋ ይሄዳል። ከስቱዲዮ ኮምፕረሰር ጋር ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ እዚያ ጊታሩ ባለበት ይቆይና ጣሪያው ይወርድለታል። ቀዩን ሣጥን ስሎ ከኋላው የስቱዲዮ ኮምፕረሰር ያስቀመጠ ፕለጊን (መቅጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ሶፍትዌር) የሚጋለጠው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሻካራነቱ ነው። ሲኤ3080 በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል ከ20 ሚሊቮልት አካባቢ በላይ ልዩነት ሲመጣበት የሞገዱን ቅርጽ መጠምዘዝ ይጀምራል። ዝም ብሎ የቆየ ክር በኃይል ሲመታ ጌይኑ ገና ጫፍ ላይ ነውና ትራንዚስተሮቹ እስኪደርሱ ድረስ ያሉት ጥቂት ሚሊሰከንዶች ተጨፍልቀው ያልፋሉ። ያ «ቃ!» የምትል የፒክ (የክር መምቻ) ድምፅ የመጣችው ከዚህ ነው። የፈንክና የካንትሪ ተጫዋቾች ፔዳሉን የወደዱለት ለእሷም ጭምር ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንለፍ። ግራጫው ሮስ ኮምፕረሰር በመሠረቱ የዳይና ኮምፕ ወንድም ነው፤ ያው ቺፕ፣ ያው 10 ማይክሮፋራድ፣ ያው 150 ኪሎ ኦም ነው፤ በዙሪያው ባሉት ጥቂት ክፍሎች ይለያል፣ ጠርዙም ለስለስ ይላል። ቦስ ሲኤስ-1 እ.ኤ.አ. በ1978 ሲወጣ በብርሃን የሚሠራ ነበር፤ በውስጡ ብርሃን ሲበራ መቋቋሙ የሚለወጥ ክፍል አለ፣ ባህሪውም ከቀዩ ሣጥን ይልቅ የዋህ ነው። በ1981 የመጣው ሲኤስ-2 ብርሃኑን ትቶ በቺፕ ሠራ፣ የአታክ ማዞሪያም (መጨመቁ ምን ያህል ቶሎ እንደሚይዝ የሚወስን) ይዞ መጣ። በ1986 ሲኤስ-3 ላይ የቶን ማዞሪያ ተጨመረ። «ቦስ ኮምፕረሰር» የሚል ፕለጊን ስታዩ የትኛው ሲኤስ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሦስቱ የተለያዩ መሣሪያዎች ናቸው።

ዳን አርምስትሮንግ ኦሬንጅ ስኩዊዘር ለብቻው መነገር አለበት። ውጭው ላይ ምንም ማዞሪያ የለውም። በቀጥታ ጊታሩ ወይም አምፑ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን ነው፤ ውስጡ በስክሩድራይቨር የሚነካ አንድ ማስተካከያ አለ። ሲግናሉን የሚያወርደው ጄፌት የሚባል ትራንዚስተር እንደ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ሆኖ ነው። የጄፌት ጠባይ ከቁራጭ ቁራጭ ስለሚለያይ ሁለት ኦሪጅናል ሣጥኖች እንኳ አንድ ዓይነት አይሰሙም። ስለዚህ «ትክክለኛው ኦሬንጅ ስኩዊዘር» የሚባል ነገር የለም፤ ሶፍትዌሩ ቀድቶ የመጣው አንዱን ሣጥን ነው። በዚያ ላይ ይህ መሣሪያ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚለውጠውን የጊታር ክፍል) ይጫነዋል። ጊታሩ በቀጥታ ሲሰካበት ከላይ ያለው ብሩህነት ትንሽ ይረግባል፤ የሚወደደው ሙቀቱ በከፊል ከዚያ የመጣ ነው።

ከመፍረዳችሁ በፊት መግቢያውን አስተካክሉ

የእነዚህ ፔዳሎች ጣሪያ የማይነቃነቅ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገባው የሲግናል መጠን ሁሉን ነገር ይወስናል። «ይሄ ፕለጊን ምንም አይጨምቅም» ወይም «በጣም ይጨፈልቃል» ከሚሉት ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከመግቢያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንተርፌሱን (ጊታሩን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ሣጥን) ወደ ኢንስትሩመንት መግቢያ አድርጉ፣ ጌይኑን ጨርሶ ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። ከዚያ በኢንተርፌሱ መመሪያ ላይ ኢንስትሩመንት መግቢያው የሚሸከመውን ከፍተኛ መጠን በዲቢዩ (የሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ) ፈልጉ። የፕለጊኑ ሠሪም ዲጂታል ዜሮ (በኮምፒውተር ውስጥ ሲግናል ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ መጠን) ስንት ዲቢዩ እንዲሆን አስቦ እንደሠራው ከገለጸ እሱን አግኙ። ኢንተርፌሱ 12 ዲቢዩ ላይ ዜሮ የሚሞላ ከሆነና ፕለጊኑ 18 የሚጠብቅ ከሆነ፣ ጊታራችሁ ፕለጊኑ ከሚጠብቀው በ6 ዴሲቤል ጮክ ብሎ እየገባ ነው፤ ከፕለጊኑ በፊት 6 ዴሲቤል ቀንሱ። ቁጥሮቹ ቢገለባበጡ ደግሞ 6 ጨምሩ።

ሠሪው ምንም ካልገለጸ፣ በሀምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ጊታር ስድስቱንም ክር በኃይል ስትመቱ ጫፉ በመቅጃ ፕሮግራሙ ሜትር ወደ -12 ዴሲቤል፣ በሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ወደ -18 እንዲደርስ አድርጋችሁ ጀምሩ። በሁለቱ ጊታሮች መካከል ያለውን ልዩነት በኢንተርፌሱ ጌይን አታስተካክሉት። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ እውነተኛው ፔዳልም ሀምበከርን አብልጦ ይጨምቃል። ለሲንግል ኮይል የተቀመጠ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተያዘ ቅንብር) ለሀምበከር የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ጊታር የሚያፈራርቅ ሰው ከኮምፕረሰሩ በፊት አንድ ተራ የጌይን ማስተካከያ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ጊታር ቁጥሩን ይያዝ።

የኢንተርፌስ ኢንስትሩመንት መግቢያ ብዙውን ጊዜ ወደ 1 ሜጋ ኦም ነው። የድሮ ፔዳሎች መግቢያ ግን ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ ፒክአፑ ላይ የሚያሳርፉት ጫና በፕለጊን አይመጣም። ሶፍትዌር ከኬብሉ በፊት ያለውን ዓለም ሊነካ አይችልም። ድምፁ ከጠበቃችሁት በላይ ብሩህ ከሆነ የጊታሩን ቶን ከ10 ወደ 8 ማውረድ ይቀርባል፤ በኢኪው ከመቁረጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም የሚነካው ያንኑ ፒክአፕ ነው።

ሦስት ፈተና

ጆሮ ይሸወዳል፣ በተለይ አንደኛው ድምፅ ከሌላው በ1 ዴሲቤል ሲጮህ። ስለዚህ ከመጫወታችሁ በፊት በመቅጃ ፕሮግራማችሁ ላይ የሚከተለውን አድርጉ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የመጀመሪያው የጭራ ፈተና ነው። 220 ኸርዝ ሳይን (ንጹህ ነጠላ ቃና) ድምፅ ፍጠሩ፦ 1 ሰከንድ በ-10፣ ወዲያው ያለ ክፍተት 4 ሰከንድ በ-40። ሰንሲቲቪቲውን መሀል ላይ አድርጋችሁ በፕለጊኑ ውስጥ አሳልፉትና ውጤቱን እንደ ኦዲዮ ቅዱት። አሁን የሞገዱን ምስል አስፍታችሁ ተመልከቱ። የዳይና ኮምፕ ዘር ከሆነ ጮክ ያለው ክፍል እንዳለቀ ሞገዱ ሊጠፋ ምንም ያህል ሳይቀረው ይቀጥንና እንደ ጦር ጫፍ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ መስፋቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይቀጥላል። ወዲያው በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሙሉ ስፋቱን ከያዘ ግን ሣጥኑ ቀይ ቢሆንም ውስጡ ሌላ መሣሪያ ነው።

ሁለተኛው የጣሪያ ፈተና ነው። ያንኑ ድምፅ በ-50፣ -40፣ -30፣ -20 እና -10 እያንዳንዳቸውን ለ4 ሰከንድ አስቀምጡና ሰንሲቲቪቲውን አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጋችሁ አሳልፉ። የሚያዩት የየእርከኑን መጨረሻ ነው፤ መጀመሪያው ላይ አታክና ጭራ ይቀላቀሉበታል። ትክክል ከሆነ ጮክ ያሉት ብዙም አይነቃነቁም፤ ጸጥ ያሉት ናቸው ወደ ላይ የሚመጡት። ጮክ ያሉት ወደ ታች ከወረዱና ጸጥ ያሉት ባሉበት ከቀሩ፣ ማዞሪያው በስውር ትሬሾልድ ነው። ሁሉም እኩል ከወጡ ደግሞ ሲግናሉ ጣሪያው ጋር አልደረሰም ማለት ነውና ወደ መግቢያው ተመለሱ።

ሦስተኛው የፒክ ፈተና ነው፤ በጣም የሚገልጠውም እሱ ነው። ክሮቹን በግራ እጅ አፍናችሁ፣ ከሦስት ሰከንድ ዝምታ በኋላ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 100 ላይ አድርጋችሁ በየቆጠራው ሁለት ጊዜ በመምታት ስምንት ምት ቅዱ፤ በምትና በምት መካከል 300 ሚሊሰከንድ ይኖራል። ካፓሲተሩ በ300 ሚሊሰከንድ ስለማይሞላ ሁለተኛው ምት ጌይኑን ቀድሞ የወረደ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ምት ጎላና ከረር ብላ ትወጣለች፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ተስተካክለው ይሰለፋሉ። ስምንቱም ምቶች አንድ ዓይነት «ቃ» ካላቸው የሪሊሱ (ጌይኑ ወደ ቦታው የሚመለስበት) ጊዜ አጭር ነው። በእውነተኛው ፔዳል ሪትም የሚጫወት ሰው ከእረፍት በኋላ ያለችውን ምት ሳያውቀው እጁን አለስልሶ ይመታታል፤ ሶፍትዌሩ ይህን ካስደረጋችሁ በደንብ ተሠርቷል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ

በላይን 6 ሄሊክስ (የጊታር ድምፅ ማቀነባበሪያ) ውስጥ ያለው ሬድ ስኩዊዝ የሚለው ሞዴል ዳይና ኮምፕን የተከተለ ነው። የሚወደድበት ነገር መቆጠቡ ነው፤ ሰንሲቲቪቲና ሌቭል ይዞ የመጣ መሣሪያ ነው፣ እንደ ሣጥኑም ይታዘዛል። ሰንሲቲቪቲ ሲበዛ ኖይዙም አብሮ ይነሳል፤ ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት፣ ኦሪጅናሉም ያደርገዋል። በሌጋሲው ክፍል (ከድሮዎቹ የላይን 6 መሣሪያዎች የተወረሱ ሞዴሎች ባሉበት) ውስጥ ሬድ ኮምፕ የሚባል ሌላ የዳይና ኮምፕ ሞዴል አለ፤ ብሉ ኮምፕ ደግሞ ቦስ ሲኤስ-1ን፣ ብሉ ኮምፕ ትሬብ ያንኑ ሲኤስ-1 የትሬብል ማብሪያው ሲበራ ይከተላሉ። ሲኤስ-1ን በስሙ ለይቶ ከነማብሪያው ያስቀመጠ ሶፍትዌር ብዙ አይገኝም፤ የሌጋሲውን ክፍል «አሮጌ» ብሎ መዝለል ያስቆጫል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሄሊክስ ሃርድዌር የጊታር መግቢያውን ጫና መለወጥ ይችላል፤ አውቶ ላይ ከተደረገ የመጀመሪያውን ሞዴል ይከተላል። ሄሊክስ ኔቲቭ የሚባለው ፕለጊን ግን ከኢንተርፌሱ በኋላ ያለ ስለሆነ ይህን ማድረግ አይችልም። ያው ፕሪሴት በሃርድዌሩ ለስለስ፣ በፕለጊኑ ብሩህ ሲሆን ያደናገራቸው ሰዎች መልሱ እዚህ አለላቸው።

ቦስ በጂቲ-1000 እና በካታና አምፖች ውስጥ ዲ-ኮምፕ እና ኦሬንጅ የሚሉ ዓይነቶች አስቀምጧል፤ የመጀመሪያው የዳይና ኮምፕ፣ ሁለተኛው የኦሬንጅ ስኩዊዘር ነው። ካታና ላይ ዓይነቱን ለመቀየር ቶን ስቱዲዮ የሚባለውን ፕሮግራም በኮምፒውተር መክፈት ያስፈልጋል። ድምፃቸው ጠቃሚ ነው፣ በተለይ ኦሬንጅ በኔክ ፒክአፕ ለንጹህ ኮርድ የሚሰጠው ድጋፍ ደስ ይላል። ቅሬታው ሌላ ነው። ኦሪጅናሉ ምንም ማዞሪያ በሌለው መሣሪያ ላይ ሰስቴን፣ አታክና ሌቭል ሲደረደሩ «እውነተኛው ሣጥን የት ላይ ነበር?» ለሚለው መልስ የለም። ከአታክ መሀል ተነሱና የፒክ ፈተናውን እያደረጋችሁ ወደ ግራና ቀኝ ፈልጉት። ለዲ-ኮምፕም እንዲሁ፦ ሁለት ማዞሪያ ብቻ እንዳለ ቁጠሩና አታኩን አንዴ አግኝታችሁ እዚያው ተዉት።

ፍራክታል ኦዲዮ በአክስ-ኤፍኤክስ እና በኤፍኤም መሣሪያዎቹ ውስጥ ዳይናሚ-ኮምፕን በሦስት መልክ ይሰጣል፦ ክላሲክ፣ ሞድ እና ሶፍት። ሲትረስ ጁሰር የሚለው ደግሞ ኦሬንጅ ስኩዊዘር ነው። የሦስቱ መለያየት የዳይና ኮምፕ ፍልስፍና ለገባው ሰው ደስ የሚል ምርጫ ነው፤ ክላሲኩ ያስቸገረው ሞዱን፣ ሞዱ የጠበቀበት ሶፍቱን ይሞክር። ይህ ብሎክ በጥልቀት የሚነኩ ነገሮች ስላሉት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጆሮ ያልጠየቀውን ቁጥር አትንኩ። ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙ ደረጃውን የሚያሳየው ሜትር ነው፤ ስንት ዴሲቤል እንደወረደ ማየት ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ዙም ግሬይኮምፕ የሚል ሞዴል አለው፤ የሮስ ኮምፕረሰር ነው። ሮስን ለይቶ ማስቀመጡ ብቻውን ያስመሰግነዋል። በቅርብ ያለ፣ ብዙ የማያስጨንቅ መሣሪያ ነው፤ ለንጹህ አርፔጂዮ ከዲ-ኮምፕ ዓይነቶቹ ይልቅ ይቀርባል።

ሎጂክ ፕሮ ያለው ሰው ፔዳልቦርድ ውስጥ ስኳሽ ኮምፕረሰር የሚለውን ያገኛል፦ ሰስቴን፣ ሌቭልና ፈጣን ወይም ዘገምተኛ የሚል የአታክ ማብሪያ አለው። የማንንም ስም አልጠራም፣ የማንም ነኝ አላለም፤ በቀላሉ ይሠራል። ከአፕል የሙዚቃ ፕሮግራሞች ውጭ ግን አይገኝም።

ጊታር ሪግ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ቪሲ 76፣ ቪሲ 2ኤ እና ቪሲ 160 ብዙ ጊዜ ከፔዳል ጋር ይደባለቃሉ። እነሱ የስቱዲዮ መደርደሪያ መሣሪያዎች ቅጂ ናቸው፤ የሚመዘኑትም በሌላ ሚዛን ነው።

የተቀዳ ሞዴል ለምን አይሠራም

ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አምፕና ኦቨርድራይቭ (ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) በመቅዳት ድንቅ ነው። ስለዚህ ሰዎች የኮምፕረሰር ፔዳላቸውንም ይቀዱበታል፣ በነፃ ያወርዱታል፣ ከዚያ «ለምን እንደ ፔዳሉ አይሆንም?» ይላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተለመደው የዌቭኔት (ሞዴሉ የተሠራበት የኒውራል ኔትወርክ ዓይነት) መጠን ወደ ኋላ የሚያየው 4,000 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ገደማ ነው፤ በሰከንድ በ48,000 ሳምፕል ፍጥነት ይህ 85 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የዳይና ኮምፕ ካፓሲተር የሚያስታውሰው ግን 1.5 ሰከንድ ነው። ሞዴሉ ከግማሽ ሰከንድ በፊት ክሩ በኃይል እንደተመታ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚማረው የቀለሙንና የመጠምዘዙን አማካይ ነው። የጭራ ፈተናውን ስታደርጉበት የጦር ጫፉን አታገኙትም። የተቀዳ ፋይል ከወደዳችሁ እንደ ቀለም ተጠቀሙበት፣ መጨመቁን ከፊቱ ለሚቀመጥ ሌላ ኮምፕረሰር ተዉለት።

እጃችሁ ላይ ባለው ኮምፕረሰር መሥራት

ከላይ ካሉት አንዱም ከሌለ፣ አታክና ሪሊስ ያለው ማንኛውም የመቅጃ ፕሮግራም ኮምፕረሰር ወደ ቀዩ ሣጥን ያቀርባችኋል። የጊታሩ ጫፍ -12 ላይ ከሆነ፦ አታክ 5 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊስ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊሰከንድ፣ ሬሾ (ከጣሪያው ያለፈው የሚካፈልበት ቁጥር) 8 ለ 1፣ ኒ (መጨመቁ ጣሪያው አካባቢ የሚለሰልስበት ስፋት) 6 ዴሲቤል፣ ትሬሾልድ -36። አውቶ ሪሊስ፣ አውቶ ሜክአፕና ሉክአሄድ (ሲግናሉን ቀድሞ የሚያይ) የሚሉት ሁሉ ይጥፉ። ሂሳቡን እንየው፦ ጫፉ ከትሬሾልዱ በ24 ዴሲቤል ያልፋል፣ በ8 ሲካፈል 3 ይቀራል፣ ስለዚህ ድምፁ ወደ -33 ይወርዳል። ሜክአፑን (ከመጨመቅ በኋላ የሚጨመረውን መጠን) 18 ስታደርጉት -15 ላይ ይቀመጣል። ማወቅ ያለባችሁ ይህ ነው፦ ከዝምታ በኋላ የምትመጣው የመጀመሪያ ምት ኮምፕረሰሩ ሳይነቃ በፊት -12 እና 18 ተደምረው +6 ላይ ትወጣለች። እዚህ ብዙ ሰው ደንግጦ አታኩን ወደ ዜሮ ያወርደዋል፤ ድምፁም ይሞታል። እንደዚያ አታድርጉ። ከኮምፕረሰሩ በኋላ ለስላሳ ሳቹሬሽን (የሞገዱን ጫፍ አለስልሶ የሚጨፈልቅ መሣሪያ) አስቀምጡና ከ-9 በላይ ያለውን እሱ ይጨፍልቀው። ሲኤ3080 የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከሳቹሬሽኑ ቀጥሎ ከ5 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ፊልተር፣ በኦክታቭ 6 ዴሲቤል፣ ይበቃል። ሳቹሬሽኑ ኦቨርሳምፕሊንግ (ሂሳቡን በከፍተኛ የሳምፕል ፍጥነት የሚሠራበት ምርጫ) ካለው 4 እጥፍ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ በቀጫጭን ክሮች ላይ ከኖታው ጋር የማይስማማ ፉጨት ይሰማል።

ሰንሲቲቪቲን ለማስመሰል ሜክአፑንና ትሬሾልዱን አብራችሁ አንቀሳቅሱ፦ ትሬሾልዱን በ3 ስታወርዱ ሜክአፑን በ3 አውጡ። ጮክ ያለው ድምፅ እዚያው አካባቢ ይቆያል፣ ጸጥ ያለው ይነሳል።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ኖይዝ ቀዳሚው ነው። ሜክአፑ 18 ከሆነ በ-75 ላይ የነበረው የፒክአፕ እምምታ -57 ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከአምፑ በፊት ኦቨርድራይቭ ካለ የበለጠ ይነሳል። ኖይዝ ጌት (ሲግናሉ ሲያንስ ድምፁን የሚዘጋ መሣሪያ) ከኮምፕረሰሩ በፊት ይቀመጥ። ከኋላ ከተቀመጠ በኖታው ጭራና በኖይዙ መካከል የነበረው ርቀት ተበልቷልና ወይ ኖታውን ይቆርጣል ወይ ኖይዙን ያሳልፋል። የጌቱን መዝጊያ ጊዜ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ አድርጉት።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ ኮምፕረሰር፣ ከዚያ ኦቨርድራይቭ፣ ከዚያ አምፕ። ኦቨርድራይቭ ራሱ ይጨምቃልና ከሱ በኋላ የመጣ ኮምፕረሰር የሚያገኘው የተስተካከለ ሲግናል ነው፤ የሚያነሳው ኖይዙን ብቻ ነው። ብዙ የአምፕ ፕሪሴቶች መጨረሻ ላይ ደግሞ ስውር የስቱዲዮ ኮምፕረሰር ይኖራል። «ድምፁ ታፈነ» የምትሉ ከሆነ ፔዳሉን ከመውቀሳችሁ በፊት እሱን አጥፉት።

ፕለጊኑን ስቴሪዮ ትራክ ላይ አታድርጉት። ጊታር ሞኖ ነው፣ ፔዳሉም ሞኖ ነበር። ስቴሪዮ ማስተጋቢያ ከፊቱ ካለና ሁለቱ ጎኖች ለየብቻ ከተጨመቁ ምስሉ ግራና ቀኝ ይዋዥቃል።

ፕለጊኑን ማብራትና ማጥፋት ራሱ ወጥመድ አለው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ሲጠፋ ካፓሲተሩንም ያቆመዋል፤ ሲበራ ጌይኑ ከጫፍ ስለሚነሳ የመጀመሪያዋ ምት ጆሮ ትመታለች። በብዙዎቹ የድሮ ፔዳሎች ግን ፔዳሉ ቢጠፋም ውስጡ ያለው ሰርኪት ጊታሩን መስማቱን ይቀጥላል። መሀል ዘፈን ላይ የምታበሩት ከሆነ ከማብራት ይልቅ በአውቶሜሽን ሰንሲቲቪቲውን ከዝቅተኛው አንሱት።

መዘግየቱንም አትርሱ። ኮምፕረሰር የፒክን ስሜት የሚነካ መሣሪያ ስለሆነ መዘግየት ሲኖር «አታኩ ልክ አይደለም» የሚል የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። በ48 ኪሎኸርዝ 64 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያቀነባብረው የድምፅ ቁራጭ) 1.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ 256 ግን 5.3 ይሆናል፣ በመግባትና በመውጣት ደግሞ እጥፍ ነው። አታክን የምታስተካክሉት በ64 ይሁን፣ ካልሆነም በተቀዳ ድምፅ ላይ።